አዲሶቹ ሰፈሮች እና የጧቱ ሰልፍ፦ መንገድ ማስፋት ብቻውን ይበቃልን?

ባሕር ዳር፦ ከጧቱ 1 ሰዓት ሳይሞላ በዓባይ ድልድይ ላይ ትርምሱ ይጀምራል። ከዘንዘልማ አቅጣጫ ወደ መሐል ከተማ የሚገሰግሰው ሰው ብዙ ዓይነት ነው። የደንብ ልብስ የለበሱ ተማሪዎች፣ የቢሮ ቦርሳ ያነገቡ ሠራተኞች፣ በብስክሌታቸው ግራና ቀኝ የወተት ጀሪካን ያሰሩ ወጣቶች፣ ጎመንና ቲማቲም በባጃጅ የጫኑ እናቶች፣ አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ ያደረጉ የቀን ሠራተኞች፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ወደ አንድ አካባቢ ይጓዛሉ። ረፋድ 5 ሰዓት ላይ በዚያው ድልድይ የሚያልፍ ሰው ግን መንገዱን ሰፊና ጸጥ ያለ ሆኖ ያገኘዋል። መንገዱ ያው ነው፤ የተለየው ሰዓቱ ነው።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። ለአሥርት ዓመታት የከተማዋን ሸክም የተሸከመውን አሮጌ ድልድይ ያሳረፈ፣ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመር ያለው ትልቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ድልድዩን በሰፊው የተሻገረ ተሽከርካሪ ሁሉ ተመልሶ የሚገባው ቀድሞ ወደነበሩት አደባባዮችና የገበያ መንገዶች ነው። ከድልድዩ ማዶ ደግሞ ትናንት የጤፍና የበቆሎ ማሳ የነበሩ ቦታዎች ዛሬ ችካል ተተክሎባቸው፣ መሠረት ወጥቶላቸው፣ ቆርቆሯቸው እያብረቀረቀ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የግብርናና የገጠር ጉዳዮች ዘጋቢ እንደመሆኑ ማሳው ወደ ሰፈርነት ሲለወጥ ደጋግሞ ተመልክቷል። ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የሚቀረው ጥያቄ ግን አንድ ነው። በእነዚህ ቤቶች የሚኖረው ሕዝብ በየጧቱ ወዴት፣ በስንት ሰዓትና በምን ይጓዛል?

በከተማ ፕላን ትምህርት የዚህ ጥያቄ መልስ “የጉዞ ፍላጎት አስተዳደር” ተብሎ ይጠራል። ስሙ ይክበድ እንጂ ሐሳቡ ለአርሶ አደሩ አንባቢያችን እንግዳ አይደለም። በመስኖ አካባቢ ያደገ ሰው ሁሉ የውሃ አባትን ያውቃል። ወንዙ በበጋ ሲቀንስ የውሃ አባት ቦዩን ለማስፋት አይነሣም፤ ቦዩ ቢሰፋም ውሃው አይጨምርምና። የሚያደርገው ተራ ማውጣት ነው። የላይኛው ማሳ ሌሊት ይጠጣል፣ የታችኛው ጧት ይጠጣል፤ ሽንኩርት የዘራና ስንዴ የዘራ እኩል ቀን አይጠብቅም፤ ውሃ የማይሻ ሰብል የያዘ ደግሞ ተራውን ለጎረቤቱ ይለቃል። እንደ ቆጋ ባለ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ በሚያለማ ትልቅ መስኖ ላይ እንኳ ግድቡና ዋናው ቦይ ብቻቸውን ማሳ አያጠጡም፤ የውሃ ተጠቃሚ ማኅበራቱ ተራ ካልጠበቁ የቦዩ ጫፍ ይደርቃል። በግብርና ኮሌጅ የመስኖ ትምህርት ስንማር መምህራችን ቦዩን በሣሉ ቁጥር ተራውን አብረው ይሥሉ ነበር። መንገድም እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ ቢኖር በመንገድ ላይ ሁሉም የላይኛው ማሳ ባለቤት መሆን መፈለጉ ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ በላይ ትምህርት የሚገኘው ከአዲስ አበባ ነው። የክልል ከተሞቻችን ዛሬ የሚጓዙበትን መንገድ እርሷ ከ20 ዓመታት በፊት ጀምራዋለች።

በ1990ዎቹ ማብቂያ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ልማት ለብዙ ሺህ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የቤት ባለቤትነትን በር ከፍቷል። ይህን ማሳነስ አይገባም። የመጀመሪያዎቹ ሕንጻዎች እንደ ገርጂ ባሉ ለመሐል ቅርብ በሆኑ ቦታዎች ተሠሩ። መሐል ላይ ያለው መሬት ውድ እየሆነ ሲሄድ ግን ግንባታው ወደ ዳር እየሸሸ፣ ጀሞን፣ የካ አባዶን፣ ቱሉ ዲምቱን፣ ኮዬ ፈጬን የመሰሉ ሰፊ መንደሮች ተፈጠሩ። ቤቱ ወደ ዳር ሲሄድ መሥሪያ ቤቱ፣ ትልቁ ሆስፒታል፣ ስመ ጥሩ ትምህርት ቤት፣ መርካቶ ግን በነበሩበት ቆዩ። ዕጣ የደረሰው ቤተሰብ የቤት ኪራዩን ጥሎ ሲወጣ በምትኩ የታክሲ ወጪና የሰልፍ ሰዓት ተቀበለ።

ጧት 12 ሰዓት ከ30 ላይ በእነዚህ መንደሮች መውጫ የሚታየው ሰልፍ ከታክሲ ማነስ ብቻ የመጣ አይደለም። ችግሩ ጠለቅ ይላል። ጧት ሁሉም ወደ መሐል ይሄዳል፤ ከመሐል ወደ መንደሩ የሚመለስ ግን የለም። ስለዚህ ሚኒባሱ ሞልቶ ይገባል፣ ባዶውን ይመለሳል። ባለቤቱ ነዳጁን የሚከፍለው ለሁለቱም ጉዞ ሲሆን ገንዘብ የሚያገኘው ከአንዱ ብቻ ነው። ሹፌሩ ረጅሙን መስመር አቆራርጦ መጫን የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው። ተሳፋሪውን ግማሽ መንገድ ላይ አውርዶ ሌላ ታሪፍ ያስከፍላል፤ ወይም ጭራሽ ከመስመሩ ጠፍቶ ትርፍ ወዳለበት ይሄዳል። ተቆጣጣሪ ቢቆም፣ ቅጣት ቢጣል፣ ባዶ የመመለሱ ሒሳብ እስካልተለወጠ ድረስ መቆራረጡ አይቆምም። ማታ ደግሞ ይኸው ታሪክ በተቃራኒው አቅጣጫ ይደገማል።

ከተማዋ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት የጀመረው 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው ቀላል ባቡር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚዘልቁ ሁለት መስመሮች አሉት። በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ታሪፉም ለድሃ የሚቀመስ ነበር። ሆኖም ከትልልቆቹ አዳዲስ መንደሮች ብዙዎቹ ከሐዲዱ ጫፍ ገና ርቀው የሚገኙ ናቸው። የኮዬ ፈጬ ነዋሪ ባቡሩ ጋ ለመድረስ በቅድሚያ ሌላ ተሽከርካሪ መያዝ አለበት። ኋላ ላይም ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ቤቱ በአንድ እጅ፣ ባቡሩ በሌላ እጅ ታቀደ፤ ሁለቱ እጆች ግን በቅጡ አልተጨባበጡም። ለመንግሥት ሠራተኞች የተመደበው የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ በአንጻሩ ብዙ ሳይወራለት ጥሩ ሥራ ሠርቷል። የት እንደሚኖሩና የት እንደሚሠሩ የሚታወቁ ሰዎችን በአንድ ሰዓት በአንድ ትልቅ መኪና ማንሣት ቀላሉ የጉዞ አስተዳደር ነው። ጉድለቱ፣ ጎን ለጎን ፌርማታ ላይ የቆመችው አትክልት ነጋዴ እንድትሳፈርበት አለመፈቀዱ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በደሴ፣ በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ማርቆስ ከተሞች የሚስፋፉት በአብዛኛው በኮንዶሚኒየም ሳይሆን በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። አባላቱ ለዓመታት ቆጥበው፣ ተደራጅተው፣ መሬት ተመርቶላቸው ይሠራሉ። የማኅበራት ሰፈር ከኮንዶሚኒየም የሚለየው በአንድ ጊዜ አለመሙላቱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አምስት ቤት፣ በሁለተኛው ሃያ፣ ከዚያ መቶ ይሆናል። ይህ መዘግየት ብዙውን ጊዜ እንደ ችግር ይቆጠራል። ለጉዞ ጉዳይ ግን ያልተጠቀምንበት ዕድል ነው። ሰፈሩ ሳይሞላ የአውቶቡሱን መስመር መወሰን፣ የትምህርት ቤቱን ቦታ ማጠር፣ የገበያውን አደባባይ ክፍት ማቆየት ይቻላል። ከሞላ በኋላ ግን እያንዳንዱ ሜትር ካሳ ይጠይቃል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ሒሳቡ ለማሳያ ብቻ የቀረበ ነው። ከመሐል ከተማ ወጣ ባለ አንድ አዲስ ሰፈር 2 ሺህ አባወራና እማወራ ይኖራሉ እንበል። ከእነዚህ ቤቶች በየጧቱ 2 ሺህ 400 ሰዎች ከ12 ሰዓት ከ30 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ በተሽከርካሪ ወደ መሐል ይወጣሉ። አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ቢጭንና ደርሶ ለመመለስ 45 ደቂቃ ቢወስድበት በዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የሚመላለሰው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሰፈር ብቻ 100 ሚኒባስ ያስፈልጋል። የመነሻው ሰዓት ከአንድ ሰዓት ተኩል ወደ ሦስት ሰዓት ቢዘረጋ እያንዳንዱ ሚኒባስ አራት ጊዜ ይመላለሳል፤ 50 ይበቃል። በሚኒባስ ፋንታ 60 ሰው የሚይዝ አውቶቡስ ቢመደብ በዚያው በተዘረጋው ሰዓት 10 አውቶቡስ ሥራውን ይጨርሳል። ከተጓዦቹ ሩቡ ጉዳዩን እዚያው ሰፈሩ ውስጥ የሚፈጽምበት መንገድ ቢበጅለት 8 አውቶቡስ ይተርፋል እንጂ አያንስም። ከ100 ሚኒባስ ወደ 8 አውቶቡስ የወረድነው አንድ ሜትር አስፋልት ሳንጨምር ነው። በተግባር ሰው እንደ ቁጥር አይታዘዝም፤ ሁሉም በፈለግነው ሰዓት አይወጣም። ግማሹ እንኳ ቢሳካ ግን ለአንድ ከተማ አስተዳደር የበጀት ዓመት ትልቅ ነገር ነው።

ከእነዚህ ሦስቱ መንገዶች ብዙ ጊዜ የሚናቀው የመጨረሻው፣ ማለትም ጉዞው እንዳይኖር ማድረግ ነው። አንድ አዲስ ሰፈር ላይ ቤት ሠርተው የገቡ እናት በቀን ውስጥ የሚጓዙባቸውን ምክንያቶች እንቁጠር። ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስና መመለስ፣ እህል ማስፈጨት፣ ሽንኩርትና ዘይት መግዛት፣ የታመመ ልጅ ጤና ጣቢያ መውሰድ፣ ለመታወቂያ ወይም ለግብር ቀበሌ መሄድ። ከነዚህ ውስጥ መሐል ከተማ ድረስ መሄድ ያለበት የትኛው ነው? ምናልባት አንዱም። ወፍጮ ቤት፣ የእሑድ ገበያ ቦታ፣ አፀደ ሕፃናትና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሰፈሩ ቢኖሩ ከቤተሰቡ ጉዞ ትልቁ ክፍል ወደ እግር መንገድነት ይለወጣል። በተለይ ትምህርት ቤቱ ከሁሉ ይቀድማል። አንድ ሕፃን መሐል ከተማ ሲማር የሚጓዘው ሕፃኑ ብቻ አይደለም፤ የሚያደርሰው ሰው ሄዶ ይመለሳል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዳግም ሄዶ ይመለሳል። አንድ ወንበር የሚፈልገው ተማሪ መንገዱ ላይ የበርካታ ሰው ቦታ ይይዛል።

አንዳንዱ ጉዞ በስልክም ቀርቷል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የመብራትና የውሃ ሒሳብ ለመክፈል ግማሽ ቀን መሰለፍ በብዙ ቦታ እየቀረ ነው። ይህን የመሰለ አገልግሎት ስናወራ ስለ ቴክኖሎጂ ብቻ የምናወራ ይመስለናል፤ ስለ ታክሲ ሰልፍም ነው።

ሰዓት ማዘዋወር ሁለተኛው ነገር ነው። በከተሞቻችን ትምህርት ቤት፣ ቢሮ፣ ባንክና ሱቅ የሚከፈቱት በጠባብ ጊዜ ውስጥ ተጨናንቀው ነው። ትምህርት ቤቶች 2 ሰዓት ገደማ፣ መሥሪያ ቤቶች 2 ሰዓት ከ30። ልጁን አድርሶ ቢሮ የሚገባ ወላጅ ይህ ይመቸዋል፤ ስለዚህ ሁሉንም መሥሪያ ቤት አንሥቶ ወደ 3 ሰዓት ከ30 መግፋት ቤተሰብን ማናጋት ይሆናል። ይልቅ ባለጉዳይ የማያስተናግዱ የሥራ ክፍሎችን፣ የኮሌጅ ክፍለ ጊዜዎችን፣ የግንባታ ሥራ መግቢያን ማለያየት ይቻላል። ባሕር ዳር፣ ኮምቦልቻና ደብረ ብርሃን ያሉት ኢንዱስትሪ ፓርኮች የሠራተኛቸውን ፈረቃና የሰርቪሳቸውን ሰዓት ከከተማው ስምሪት ጋር ተነጋግረው ቢወስኑ ጥቅሙ የሁሉም ነው። ለ60 ሺህ ሠራተኞች ታስቦ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያሳየው ነገር፣ ሠራተኛው የት ያድራል የሚለው ጥያቄ ከፋብሪካው ግንባታ ኋላ ከመጣ ሰርቪስ ብቻውን እንደማይፈታው ነው።

በዓለም ላይ ብዙ የሚወራለት ሌላ መንገድ አለ፤ መኪናን ማስከፈል። ሲንጋፖር እ.አ.አ በ1975 ወደ መሐል ከተማ ጧት የሚገባ መኪና የወረቀት ፈቃድ ገዝቶ መስታወቱ ላይ እንዲለጥፍ አደረገች። ካሜራ አልነበረም፤ መግቢያው ላይ የቆሙ ተቆጣጣሪዎች በዓይናቸው ነበር የሚያዩት። አራትና ከዚያ በላይ ሰው የያዘ መኪና በመጀመሪያ ላይ ክፍያ አይጠየቅም ነበር። ስቶክሆልም እ.አ.አ በ2006 ለሰባት ወራት ሞክራ የመኪናው ቁጥር በአንድ አምስተኛ ገደማ ሲቀንስ አይታ፣ ሕዝቡን በድምፅ ጠይቃ ቋሚ አደረገችው። ለእኛ ይህ ገና ነው ብዬ አምናለሁ። የሚበዛው ነዋሪ መኪና የለውም፤ በአዲስ አበባ እንኳ ከጉዞው ከግማሽ በላይ የሚሸፈነው በእግር ነው። ከሁሉ በፊት ለሚሄደው ሰው መሄጃ ልናበጅለት ይገባል። የገበያ መንገዶችን ግራና ቀኝ ይዘው ቀኑን ሙሉ በነፃ የሚቆሙ መኪኖችን ግን ማስከፈል ከባድ አይደለም፤ ከመንገዱ ግማሽ ያህሉን ይዘውት ይውላሉና።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የብራዚሏ ኩሪቲባ ናት። ሀብታም ከተማ አልነበረችም። እ.አ.አ ከ1974 ጀምሮ ለአውቶቡስ ብቻ የተለዩ መንገዶችን ዘረጋች። ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃቷ ግን ከፍ ያሉ ሕንጻዎች የሚፈቀዱት በእነዚያ መስመሮች ዳርና ዳር ብቻ እንዲሆን መወሰኗ ነው። ከመስመሩ በራቀ ቁጥር ቤቱ ዝቅ ይላል። አውቶቡሱ ቤቱን አላሳደደም፤ ቤቱ ነው አውቶቡሱን የተከተለው።

እዚህ ላይ የአርሶ አደሩ ጉዳይ ይመጣል። የከተማ ጉዞ የከተሜ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ የከተማውን ጫፍ ሄዶ ይይ። ከተማው ዝቅ ባሉ ቤቶች ተበታትኖ ሲሰፋ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ የነዋሪው ሰዓትና የገበሬው ማሳ። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት መሬቱን በዘላቂነት የሚለቅ አርሶ አደር ካሳው የሚሰላው ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው። ቀድሞ ስሌቱ በ10 ነበር። ይህ ለተነሺው ፍትሕን ያቀረበ ለውጥ ነው፤ ገንዘቡ በወቅቱ ከተከፈለ። ለከተማ አስተዳደሩም መልእክት አለው። በስፋት መስፋፋት ውድ ሆኗል። በመሐል ታጥረው ዓመታት ያስቆጠሩ ባዶ ቦታዎች እያሉ አሥር ኪሎ ሜትር ርቆ የጤፍ ማሳ መመተር ካሳውን፣ የውሃ መስመሩን፣ አስፋልቱንና በየቀኑ የሚከፈለውን የታክሲ ሒሳብ ሁሉ ደምሮ መታየት አለበት። የአገራችን የከተማ ፕላን መመዘኛ 30 በመቶ ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ እንዲውል ይላል። በወረቀት ላይ ያለው 30 በመቶ የመንገድ ቦታ መሬት ላይ ሲወርድ እየተሸራረፈ መጥቶ ባጃጅ ብቻ የሚያሳልፍ ጥርጊያ ሲሆን ማየት የተለመደ ነው።

ከዚህም ሌላ አርሶ አደሩ ራሱ ተጓዥ ነው። ከመራዊ፣ ከሐሙሲት፣ ከመሸንቲ የሚነሣው ሽንኩርት፣ ድንችና ቲማቲም ከተማ የሚደርሰው ሠራተኛና ተማሪ በሚገባበት ሰዓት ከሆነ አይሱዙው በሰልፉ መሐል ይቆማል፤ ሳጥን ውስጥ የታጨቀው ቲማቲም በፀሐይ ይበስላል። ወተት ደግሞ ጨርሶ አይጠብቅም። ከታለበ በኋላ በሁለትና ሦስት ሰዓት ውስጥ ካልቀዘቀዘ ባክቴሪያው ይራባል፣ ሲፈላ ይቆራረጣል፣ ኅብረት ሥራ ማኅበሩም አይቀበለውም። በአደባባይ ላይ የጠፋች 40 ደቂቃ ለቢሮ ሠራተኛ መዘግየት ናት፤ ለወተት አምራች የቀኑ ገቢ ናት። አዲስ አበባ ከባድ የጭነት መኪናዎች በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት እንዳይንቀሳቀሱ ትከለክላለች። ለክልል ከተሞች ክልከላ ብቻውን አይመከርም። ቲማቲሙ በምሽት ቀዝቀዝ ሲል ተለቅሞ፣ ሌሊት ተጉዞ፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ በከተማው መግቢያ ባለ የጅምላ ገበያ ቢራገፍ ምርቱም አይበላሽም፣ መንገዱም አይጨናነቅም። ይህ እንዲሆን ግን የጅምላ ገበያው መሐል ከተማ ሳይሆን መግቢያው ላይ መሆን አለበት፤ መብራትና ጥበቃ ያስፈልገዋል። የሌሊት ጉዞ ደግሞ በመጀመሪያ ሰላም ይሻል። ያ በሌለበት ስለ ሰዓት ማዘዋወር ማውራት ለአርሶ አደሩ ቀልድ ይሆንበታል።

ባሕር ዳር ከብዙ ከተሞች የተለየ አንድ ሀብት አላት፤ መሬቷ ሜዳ ነው። በ1950ዎቹ በጀርመን ባለሙያዎች የተነደፈው ፕላኗ ሰፋፊና ዘንባባ የተተከለባቸው ጎዳናዎች ሰጥቷታል። ብስክሌት የከተማዋ መለያ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ግን ባጃጁና ሚኒባሱ ሲበዛ ብስክሌተኛው ወደ ዳር እየተገፋ፣ ዳሩ ላይ ደግሞ የቆመ መኪና እየጠበቀው ነው። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ እግረኛና ብስክሌተኛ በከተማ መንገድ ላይ ቅድሚያ እንዲያገኙ ያስቀምጣል። አፈጻጸሙ ግን ትንንሽ ነገሮች ላይ ይወድቃል። ለምሳሌ የብስክሌት ማቆሚያ። ተማሪ ሳለሁ ከአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ አስሬ ያቆምኋት ብስክሌቴ ጉዳዬን ጨርሼ ስወጣ አልነበረችም፤ ዘበኛው “ማቆሚያ ስለሌለን አንጠብቅም” ብለው አሰናበቱኝ። ከዚያ ወዲያ ለሁለት ዓመት ባጃጅ ተሳፋሪ ሆኛለሁ። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ አንድ የብረት ማሰሪያና ጥላ ለማበጀት የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ ባጃጅ ጥገና የሚበልጥ አይመስለኝም። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. የተላለፈው ውሳኔ ብዙዎች ኤሌክትሪክ መኪና እንዲገዙ አድርጓል። ለአየሩ መልካም ነው። ሰልፉ ላይ ግን ኤሌክትሪክ መኪናም ያው መኪና ነው፤ የሚይዘው ቦታ አልቀነሰም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የመጀመሪያው አውቶቡስ ነው። አዲስ ሰፈር ገና አምስት መቶ ሰው ሲኖረው አውቶቡስ ቢመደብ ግማሽ ባዶ ይጓዛል፤ ያከስራል። ስለዚህ አይመደብም። አውቶቡስ ስለሌለ የቻለ ሞተር ወይም መኪና ይገዛል፤ ያልቻለ ለባጃጅ ኮንትራት ይከፍላል። ሰፈሩ ሲሞላ አውቶቡስ ቢመጣም ሰው አንዴ የለመደውን በቀላሉ አይተውም። ስለሆነም ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ኪሳራውን ከሰፈሩ የመሬት ገቢ ላይ መሸፈን ያዋጣል ባይ ነኝ። ባዶ የሚመለሰውን አውቶቡስም ሥራ ማሰጠት ይቻላል። ጧት ሠራተኛ ይዞ የገባ አውቶቡስ ሲመለስ በከተማ ዳር ወዳሉ ኮሌጆችና ፋብሪካዎች የሚሄዱትን ይዞ ቢመለስ፣ ነዳጁ ለሁለቱም አቅጣጫ ይከፈላል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ያለው ዘንዘልማ ነው፤ ከመሐል ከተማ እየተመላለሰ የሚማርና የሚያስተምር ሰው አለ። በጧት ሰልፉ ወደ ከተማ ሲገባ እነርሱ ወደ ውጭ ይወጣሉ። እንዲህ ያለ ተቃራኒ ጉዞ ያለበት መስመር ለአውቶቡስ ድርጅት እንደ በሬ ጥንድ ነው፤ አንዱ ብቻውን አያርስም።

ማን ይወስን የሚለው ቀላል አይደለም። መሬት የሚመትረው ክፍል፣ መንገድ የሚሠራው፣ ታክሲ የሚያሰማራውና ትምህርት ቤት የሚከፍተው የየራሳቸው ዕቅድና በጀት አላቸው። በአዋጅ ቁጥር 574/2000 የወጣው የከተማ ፕላን ሕግ ነዋሪው በፕላን ዝግጅት እንዲሳተፍ ያዛል። ነዋሪ ሲባል ግን ዛሬ ያለው ብቻ አይደለም፤ ነገ የሚገባው የማኅበር አባልና ማሳውን የሚለቀው አርሶ አደርም በዚያ ስብሰባ ወንበር ያስፈልጋቸዋል። አርሶ አደሩ ክረምት ላይ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ፣ ሰው ገበያ ሲሄድ በየት እንደሚያቋርጥ ከማንም ፕላነር በላይ ያውቃል። የእግር መንገድ መሥመር መጀመሪያ የሚታየው በእርሱ ማሳ ድንበር ላይ ነው።

በአንድ አዲስ የማኅበራት ሰፈር በቅርቡ ተዘዋውሬ ነበር። በፕላኑ ላይ ለፌርማታና ለገበያ የተተወው ቦታ በአራት የእንጨት ችካሎች ተለይቶ ይታያል። ከችካሎቹ ሁለቱ ወድቀዋል፤ በአንደኛው በኩል አሸዋና ድንጋይ ተራግፏል፤ በሌላው በኩል የቀድሞው ባለማሳ ለጊዜው ሽምብራ ዘርቶበታል። ጥርጊያው ላይ ጀሪካኖቹን ያሰረ ወጣት ብስክሌቱን እየገፋ ወደ አስፋልቱ ይወጣ ነበር። ሰዓቱ 12 ከ20 ነበር፤ ድልድዩ ገና አልተጨናነቀም።